አዲስ ቅዳም ላይ የወረድን ቀን

ባለፈው ሐምሌ ከባሕር ዳር ወደ እንጅባራ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ዳንግላ መግቢያ ላይ ጎማው ተነፈሰ። ረዳቱ ክሪክ ሊዋስ ሲሄድ እኛ ወርደን አንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠለልን። ዝናቡ ካፊያ ነበር፤ የማያርስ የሚመስል፣ ግን ሳይታወቅ ልብስ ውስጥ የሚዘልቅ። ከመንገዱ ማዶ አንዲት ሴት ጋሪ ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ተከናንባ፣ ወደ ዳንግላ ጤና ተቋም በሚወስደው መንገድ ስትታጠፍ አየኋት። ለምን እንደምትሄድ አላውቅም፤ ምናልባት ጥርሷን አሟት ይሆናል። አቀማመጧ ግን እናቴን አስታወሰኝ። እናቴ በዚያ መንገድ፣ ልክ እንደዚያ ተሸፋፍና፣ ለብዙ ዓመታት ተመላልሳለች። ጎማው እስኪቀየር ድረስ ቆሜ ያሰብኩት ስለ አንድ ክረምት ነው።

ያን ጊዜ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የመምህራን ኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመቴን ጨርሼ ክረምቱን ቤት ተቀምጫለሁ። ቤታችን እንጅባራ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ያለ ባለ ሁለት ክፍል የኪራይ ቤት ነበር። የምንኖረው እኔና እናቴ ብቻ ነን። አባቴ የሞተው አራት ዓመቴ ሳለ ነው፤ በሳንባ ሕመም እንደሞተ ተነግሮኝ ያንኑ ይዤ አደግሁ። እናቴ ይታይሽ ትባላለች። በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ ትሸጥ ነበር። ልብሳችን፣ አልጋችን፣ ደብተሬ ሳይቀር በርበሬ በርበሬ ይሸት ስለነበር ኮሌጅ ስገባ ልጆቹ ገና ከበር ላይ ታስነጥሺናለሽ እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

በየሁለት ወሩ እናቴ ዳንግላ ትሄዳለች። በርበሬው ከዚያ ይሻላል ትላለች፤ ይሻላልም። ግን አንድ ቀን ይዛኝ ሄዳ አታውቅም። ደግሞ ጭቃው እስከ ቅልጥም በሚደርስበት፣ ደረቅ በርበሬ ለዓይን በሚጠፋበት በነሐሴም ቢሆን አትቀርም። ለዳንግላ ቀን ገላዋን ትታጠባለች፣ ፀጉሯን ትሠራለች፣ ደኅናውን ቀሚሷን ትለብሳለች። አንዳንዴ በርበሬ ሳትይዝ ትመለስና ገበያው ቀዝቅዞ ነበር ትለኛለች። እኔም በዚያ ዕድሜ አንድ ነገር ጠርጥሬ ነበር፤ እናቴ ዳንግላ ወዳጅ አላት ብዬ ደመደምኩ። እንዲያውም ሰውዬውን በሐሳቤ ሥዬው ነበር፤ ባለ ወፍጮ፣ ወፈር ያለ፣ ፂሙን በየቀኑ የሚላጭ። በእሱ ምክንያት ያኮረፍኳት ጊዜ ሁሉ ነበር። ዛሬ ሳስበው ይቆጨኛል፤ በዚያ ሰው ላይ የጨረስኩት ንዴት።

በዚያ ክረምት መግቢያ፣ ከዳንግላ በተመለሰች ማግስት፣ እናቴ ሌላ ሰው ሆነች። ያመጣችውን በርበሬ ሳትቀነጥስ ጥግ ላይ ተወችው። ድንች ቀቅዬ ሳቀርብላት አንዱን ልጣ ይዛው ትቆያለች፤ እጇ ላይ ይቀዘቅዛል። አሞሻል ወይ ስላት ብርዱ ነው ትለኛለች። እንጅባራ ላይ ብርድ ሁልጊዜ አሳማኝ ምክንያት ነው።

ሦስት ሳምንት ያህል እንደዚህ አለፈ። አንድ ቀን ወፍጮ ቤት ሄዳ ስልኳን ረስታው ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነበር። አንዲት ሴት ወይዘሮ ይታይሽን ፈልጋ እንደሆነ ነገረችኝ። ልጇ ነኝ፣ አሁን የለችም አልኳት። 

«ሲስተር ሰናይት ከዳንግላ ደወለች በያት። ቀጠሮዋ አልፏል። እባክሽ እንዳትቀር ንገሪያት» አለችኝ።

የምን ቀጠሮ እንደሆነ ጠየቅኋት። ለእሷ ብቻ ነው የምነግራት አለችኝ፤ በትሕትና፣ ግን በማያወላዳ ድምፅ። ስልኩ ሲዘጋ ባለ ወፍጮው ሰውዬ ከሐሳቤ ወጥቶ ሄደ። እሱ በነበረ ብዬ እስክመኝ ድረስ ሌላ ፍርሃት ቦታውን ያዘው።

እናቴ መልእክቱን ሰምታ ሆዴን ትንሽ አሞኝ ታይቼ ነበር፣ አሁን ደኅና ነኝ ብላ ነገሩን ልትዘጋው ሞከረች። በሁለተኛው ቀን ግን አክስቴ ዘውዴ ከጥርባ መጣች። ታላቅ እህቷ ናት፤ ገበሬ። ሁለቱ ከእኔ የሚደብቁት ነገር ሲኖር በአገውኛ፣ በአውኚ ነው የሚያወሩት። እኔ ከተማ ያደግሁ ስለሆንኩ ዝናብ፣ እንጀራ፣ ነይ፣ ሂጂ ከማለት አልፌ ብዙም አልሰማም። ጓዳ ሆኜ ሽንኩርት እየላጥኩ ጆሮዬን ጣልኩ። ንግግራቸው እንደ ጉም አለፈኝ፤ አንድ ቃል ግን ነጥሮ መጣ። ካንሰር። በአውኚም ያው ካንሰር ነው፤ የሚሸፍነው ሌላ ስም የለውም። እጄ ላይ የነበረው ሽንኩርት ምክንያት ሆኖልኝ አለቀስኩ።

አክስቴ ስትወጣ እስከ መንገዱ ሸኘኋት። ምን እንደሆነ እንድትነግረኝ ለመንኳት። የእኔ ነገር አይደለም፣ ራሷ ትንገርሽ አለችኝ፤ ከዚያ ጉንጬን ይዛ ግን ብቻዋን እንዳትሄድ አለች። በማግስቱ ለእናቴ ወደ ዳንግላ አብሬያት እንደምሄድ ነገርኳት። አልጠየቅኳትም፤ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ነጠላዋን አነሣች።

ጠዋት ነበር። ጉሙ ከመንገዱ አልተነሣም፤ መኪኖቹ መብራት አብርተው ነው የሚሄዱት። ሚኒባሱ ውስጥ እኔ በመስኮቱ በኩል፣ እሷ አጠገቤ ተቀምጣለች። ዳገቱን ስንጨርስ የግራር ደኑና በየመንገዱ ዳር የተደረደረው የከሰል ማዳበሪያ ታየ። እናቴ እጅ መያዝ የማትወድ ሰው ናት። የዚያን ቀን ግን ጣቶቿ እጄን ፈልገው ሲያገኙት ተሰማኝ። ቀዝቃዛ ነበሩ። ግማሽ መንገድ ላይ፣ አዲስ ቅዳም ስንደርስ ረዳቱ ወራጅ ካለ ብሎ ጠየቀ። እናቴ «አለ» አለች።

ተሳስታ መስሎኝ ገና ነው አልኳት። አልሰማችኝም፤ የሰዎቹን ጉልበት እየገፋች ወረደች። እኔም ተከትያት ወረድኩ። ሚኒባሱ ጥሎን ሄደ። ካፊያው ላይ መንገድ ዳር ቆመን ተያየን። እናቴ እንደዚያ ስትተነፍስ አይቻት አላውቅም፤ ሽቅብ እንደሮጠ ሰው። «እግሬ እምቢ አለኝ» አለችኝ።

ፊት ለፊታችን አንዲት ሻይ ቤት ነበረች። ሦስት አግዳሚ ወንበርና አንድ ትልቅ ድስት ያላት፤ ድስቱ ውስጥ ድንች ይፈላል። ባለቤቲቱ ሻይና ትኩስ ድንች ከሚጥሚጣ ጋር አቅርባልን ወደ ጓሮ ሄደች። ከእኛ በስተቀር ማንም አልነበረም። እናቴ ብርጭቆውን በሁለት እጇ አቀፈች። ከዚያ እኔን ሳታይ ተናገረች።

«ማስተዋል፣ እኔ መድኃኒት የምወስድ ሰው ነኝ።»

«የምን መድኃኒት?»

«የኤች አይ ቪ።»

ቀጥሎ የሆነውን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ አሁን ግን እጽፈዋለሁ። እናቴን አላቀፍኳትም። አይዞሽም አላልኳት። ከአፌ የወጣው «እኔስ?» የሚል ነበር።

አልደነገጠችም። ጥያቄውን ለዓመታት ስትጠብቀው እንደኖረች ከመልሷ ፍጥነት ገባኝ። «አንቺ ነጻ ነሽ። አባትሽን የገደለው እሱ ነው፤ የእኔን ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሰባት ዓመትሽ ላይ አስመረመርኩሽ። የወባ ምርመራ ነው ብዬሽ ነበር። አላመንኳቸውምና ደግሜ ወሰድኩሽ።»

ትዝ አለኝ። የጣቴ መወጋት፣ ከዚያ አገዳ ገዝታልኝ እሷ ግን ሳትበላ ግድግዳ ተደግፋ ያለቀሰችው። ለእኔ ጣት አዝና የምታለቅስ መስሎኝ አላመመኝም እያልኩ ሳባብላት ነበር። ያን ቀን ያለቀሰችው ከደስታ እንደሆነ ያወቅሁት ዐሥራ ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ አዲስ ቅዳም ላይ ነው። ስለ ራሴ መጀመሪያ በመጠየቄ ሐፍረት ፊቴን አቃጠለው። እሷ ግን ድንቹን ልጣ ወደ እኔ ገፋ አደረገችውና ብይ አለችኝ።

ቀሪውን ቀስ እያለች ነገረችኝ። መድኃኒቱን ከዳንግላ የምትወስደው እንጅባራ ላይ የሚያውቃት ሰው ስለሚበዛ ነው። ባለፈው ስትሄድ ሲስተር ሰናይት መድኃኒት የሚወስዱ ሴቶች ሁሉ የማሕፀን በር ምርመራ እንዲያደርጉ እየጠየቀች ነበር። እናቴ ምንም ስላልታመመች ቀለል አድርጋ ገባች። ስትወጣ ግን ባሕር ዳር ሄደሽ መታየት አለብሽ የሚል ወረቀት ተሰጣት። ወረቀቱን አጣጥፋ የጡት ማስያዣዋ ውስጥ ከተተችው። እስከዚያች ሰዓት እዚያው ነበረ።

ለምን እንዳልሄደች ጠየቅኋት።

«ሞቱን አይደለም እንደዚያ የምፈራው» አለችኝ። «ባሕር ዳር ከተኛሁ የሚጠይቀኝ ይበዛል። የጠየቀ ሁሉ ምን ሆና ነው ይላል። ከዚያ በኋላ ማን ነው ከእጄ በርበሬ የሚገዛ? አንቺስ በምን ትማሪያለሽ?»

 እንጅባራን አውቃታለሁ፤ የፈራችው ነገር ከንቱ አልነበረም። ስለዚህ ያለኝን ትንሽ ነገር ተናገርኩ። ዛሬ ዳንግላ ብቻ እንሂድ፣ የባሕር ዳሩን ነገር እዚያ ደርሰን እንወስናለን አልኳት። እናቴ ሻይዋን ጨለጠችው። የሚቀጥለው ሚኒባስ ሲመጣ ቀድማኝ ገባች።

ዳንግላ መናኸሪያ ወርደን ጋሪ ያዝን። ፈረሱ ጭቃውን እየረገጠ ሲሄድ እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች፤ እኔም ሳላስበው የአንገት ልብሴን ወደ ላይ ሰበሰብኩ። በአንድ ጊዜ ምስጢሩ የእኔም ሆነ። ጤና ተቋሙ ውስጥ ከአንዲት የገጠር ሴት ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ደም ሲፈሳት ወራት እንደሆናት፣ ጠበል ስትመላለስ እንደቆየች በለሆሳስ ለእናቴ ነገረቻት። እናቴ የሰማችውን በውስጧ ከራሷ ጋር ስታስተያይ በፊቷ ላይ ይታየኝ ነበር። ያቺ ሴት የት እንደደረሰች አላውቅም። ስሟን አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ሲስተር ሰናይት አጭር፣ ፈጣን፣ ስትናገር ዓይን የማትነቅል ሴት ነበረች። አልተቆጣችም። እኔ እዚያ ልኑር አልኑር እናቴን ጠይቃ፣ ትስማ ከተባለች በኋላ ነው የጀመረችው። የማሕፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ሌላ ቫይረስ መሆኑን፣ ብዙ ሴት እንደሚይዘው፣ የብዙዎቹ ሰውነት ግን ራሱ እንደሚያጠፋው ነገረችን። ኤች አይ ቪ በደሟ ያለባት ሴት የሰውነቷ መከላከያ ስለሚዳከም ያ ቫይረስ ተደላድሎ ይቀመጣል፤ መድኃኒቷን አንድ ቀን ሳታስተጓጉል ብትወስድም ከሌላው ሴት ይልቅ ያሰጋታል። ለዚህ ነው ሳትታመሙ የምንጠራችሁ አለች። ምርመራው ኮምጣጤ ቀብቶ ማየት ነው፤ ደኅና ያልሆነው ቦታ ይነጣል። ትንሽ ቢሆን እዚያው በቀዝቃዛ ጋዝ አድርቆ ማስወገድ ይቻል ነበር። የእናቴ ግን ሰፋ ያለ ስለሆነ ሐኪም ማየት አለበት።

እናቴ ሁሉንም ሰምታ በመጨረሻ አንድ ነገር ጠየቀች። «ካንሰር ነው?»

«ነው አላልኩም፤ አይደለምም አላልኩም» አለች ሲስተር። «የማያውቁትን ነገር ቤት ይዘው አይቀመጡ ነው የምልዎት።»

ስንወጣ እናቴ ፈረሶቹ አጠገብ ቆመችና ባሕር ዳር መቼ እንደምንሄድ ጠየቀችኝ። እንደዚያ ነበር የተወሰነው።

ባሕር ዳር ሞቃት ነበረች። በትልቁ ሆስፒታል ካርድ ለማውጣት፣ ተራ ለመጠበቅ፣ ክፍል ለማግኘት ግማሽ ቀን ሄደ። ወጣት ሐኪም ነበር ያያት፤ ከማሕፀኗ በር ቅንጣት ሥጋ ወስዶ ለምርመራ ላከው። ውጤቱ በሦስት ሳምንት ይደርሳል ተባልን። ስንመለስ መንገዱ ሁሉ አረንጓዴ ነበር፤ ጤፉ ገና እየተዘራ፣ በቆሎው ደረት ደርሶ። እናቴ በመስኮቱ እያየች ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው አለችኝ። አዝመራ የሚጠብቅ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ የሚሰናበት ሰው ድምፅ መሰለኝና ጆሮዬን ልደፍን ምንም አልቀረኝም።

ሦስቱ ሳምንት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ከኖርኩት ጊዜ ሁሉ ይረዝማሉ። እናቴን እንደ ሌባ እሰልላት ነበር። ስንት ጉርሻ እንደበላች፣ ስትነሣ ወገቧን እንደያዘች፣ ወደ ሽንት ቤት ስንት ጊዜ እንደሄደች። ስታስል ልቤ ይወርዳል፤ ሳታስል ደግሞ ለምን ዝም አለች እላለሁ። ክኒኗን አሁን ፊት ለፊቴ ነው የምትውጠው። ለዓመታት ጓዳ ገብታ ቅመም የምታይ እያስመሰለች ስትውጠው ኖራለች።

አንድ ጠዋት ሰፌድና ቁና አምጥታ ነይ አለችኝ። የሽሮዋን አሠራር ልታስተምረኝ ነው፤ ሽምብራው ስንት፣ አተሩ ስንት፣ የትኛው ቀድሞ እንደሚቆላ፣ ኮረሪማና በሶብላው መቼ እንደሚገባ። ደንበኞቿ ሌላ ቦታ የማይገዙት በዚህ ምክንያት ነው፤ ለእህቷ እንኳ ነግራ አታውቅም። ለምን እንደምትነግረኝ ገብቶኛል። ኮሌጅ ተምሬ መምህር ነው የምሆነው፣ ሽሮ ነጋዴ አይደለሁም ብዬ ተነሣሁ። ክፉ አነጋገር ነበር፤ የማውቀው ሌላ እምቢታ ግን አልነበረኝም። ከተማርኩት የምትሞት ይመስለኝ ነበር። እናቴ ብቻዋን ቆላችው፤ እኔ ደጅ ቆሜ የሽምብራው ሽታ በመስኮት ሲመጣ ዝናቡን አየሁ።

የውጤቱ ቀን አክስቴ ዘውዴም መጣች። ሦስታችን ሄድን። እናቴ ከሐኪሙ ክፍል በር ላይ ስትደርስ እንደ አዲስ ቅዳሙ እግሯ ቆመ። አንቺ ግቢና ስሚልኝ አለችኝ። ብቻዬን ገባሁ። ሐኪሙ ግን ለራሷ ነው የምነግራት፣ አስገቢያት አለኝ። ተመልሼ ወጥቼ እጇን ያዝኩ፤ አክስቴ ከኋላ ገፋ አደረገቻት። ወረቀቱን ሲገልጥ የገጹ ድምፅ ተሰማኝ።

ካንሰር አይደለም አለ። ካንሰር ወደ መሆን መንገድ የጀመረ ነገር ነው፤ አልደረሰም። የታመመው ክፍል ተቆርጦ ይወጣል፣ ያን ቀን ወደ ቤቷ ትመለሳለች፣ ከዚያ ግን ቀጠሮዋን ሳታዛባ እየተመረመረች መኖር አለባት። ዝም ብላ ቤቷ ብትቀመጥ ኖሮስ ብዬ ጠየቅሁት። ጊዜውን ማንም አያውቅም፤ አንድ ቀን ግን ለእኔም ይከብደኝ ነበር አለኝ።

እናቴ እንደገና እንዲነግራት ለመነችው። ነገራት። ሦስተኛ ጊዜ ጠየቀችው፤ ሦስተኛም ጊዜ ሳይሰለች ነገራት። ከዚያ ለአክስቴ በአውኚ ረጅም ነገር አወራቻትና ሁለቱም ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ስንወጣ እናቴ ራበኝ አለች። ሐይቁ አጠገብ ከአንድ ትንሽ ቤት የተጠበሰ ዓሣ በላን፤ ከሰኔ ጀምሮ ስትጠግብ ያየኋት ያን ቀን ነው። እሾሁን አንድ በአንድ እያወጣች ሳህኗ ዳር ደረደረችው።

ሕክምናው ከሁለት ሳምንት በኋላ ተደረገላት። ጥቂት ቀን ተኛች፤ ጎረቤቶቻችን ሲጠይቁ የሴት ሕመም ነው አልናቸው። ውሸት አልነበረም። በርበሬ መግዛታቸውንም አላቆሙም። መስከረም ላይ ወደ ኮሌጅ ከመመለሴ በፊት ሽሮውን አስተማረችኝ፤ በዚያን ጊዜ አልፈራሁም።

አሁን እኔ የሁለት ልጆች እናትና የስምንተኛ ክፍል መምህር ነኝ። እናቴ ሽበቷ በዝቷል፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ሥራዋን አልተወችም። ምርመራዋን አንድም ጊዜ አላሳለፈችም። ሰፈሩ ዛሬም ስለ እሷ አያውቅም፤ ይህንን ስጽፍም ስሟንና ስሜን የቀየርኩት ለዚያ ነው። ጻፊው ያለችኝ ግን ራሷ ናት። እዚያች አግዳሚ ላይ ተቀምጣ የነበረችውን የገጠር ሴት አልረሳቻትም፤ ማንም አስቀድሞ ያልነገራት ሴት አሁንም ትኖራለች ትላለች።

ታሪኩ በድል አለቀ ማለት አልችልም። በየዓመቱ ቀጠሮዋ ሲቃረብ ውጤቱ እስኪነገር ድረስ ምግብ አይወርድልኝም። አንድ ጊዜ ደኅና መባል ለዘለዓለም ደኅና መባል እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ያን ክረምት ሳስበው የሚከብደኝ በሽታው ብቻ አይደለም፤ እኔ ሦስት ሳምንት መሸከም ያቃተኝን እሷ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻዋን፣ በርበሬ ልገዛ እያለች መሸከሟ ነው። አሁንም እፈራለሁ። እሷም ትፈራለች። ግን ስትፈራ ስልክ ትደውልልኝና ፈራሁ ትለኛለች።